ዝም ያለው ገመድ የዋጠው ድምፅ

አንድ ድምፅ ጠጋኝ ነበረ። ሰዎች ከሣጥን ሥር የሚያወጧቸውን አሮጌ ካሴቶች ይቀበልና ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል፤ ከዚያ ሽሽ የሚለውንና የሚንጣጣውን ጫጫታ አንድ በአንድ እየለቀመ ያጠራል። ስልክ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ሩቅ አገር የሄደ ሰው ናፍቆቱን በካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ይልክ ነበር። «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ» ብሎ ይጀምራል፣ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሰላም ይላል፣ ክሩ ከተረፈው መጨረሻው ላይ ዘፈን ያስገባበታል። ካሴት ሲያረጅ እነዚያ ድምፆች እየራቁ ይሄዳሉ። ተናጋሪው በየዓመቱ አንድ አንድ ኮረብታ ወደ ኋላ እያፈገፈገ የሚናገር ይመስላል። የድምፅ ጠጋኙ ሥራ ያን ሰው ከኮረብታው ማዶ ጠርቶ ወደ ቤት ማምጣት ነበር።

የጠየቅሽኝን የረሳሁት እንዳይመስልሽ። «ለትዳር ሰላም ሲባል ከሁለት አንዱ ዝም ማለት አለበት ወይ?» ነው ያልሽኝ። ከተጋባችሁ አምስት ወር እንደሞላችሁ፣ ዝም ያልሽውም አንቺ እንደሆንሽ ነግረሽኛል። መልሱ ያለው እዚህ ሰውዬ ቤት ነው። በመካከሉ ስለ ገመድ ማውራቴ ስለማይቀር ታገሺኝ።

ሰውየው አንድ ጥንድ ስፒከር ነበረው። ከተሰበረ ቁምሳጥን እንጨት ራሱ የሠራቸው ናቸው፤ ሦስት ክረምት ፈጅተውበታል። ገበያ ላይ ያሉት ጣሳ ውስጥ እንደገባ ንብ ነው የሚጮሁት። የእሱዎቹ ግን ሲናገሩ ሰው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ይመስላል። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ አይሠራም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ሞክሮታል። ጆሮ ላይ የተለጠፈ ድምፅ ጉድለቱን ይደብቃል፤ እውነቱ የሚወጣው ራቅ ብለው ሲሰሙት ነው። ስለዚህ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይሰማል።

ይኸው ሰው አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው፤ አምሳሉ ይባላል። አምሳሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ የመስታወቱ ስባሪ ዓይኑን ጎዳው። ሐኪሞች ደጋግመው ከሠሩት በኋላ የቀረለት ጉም ጉም የሚል ብርሃን ብቻ ሆነ። የበሩን ቀለም ያያል፣ እጀታውን አያይም። ሰው መምጣቱን ያውቃል፣ ማን እንደሆነ ግን እስኪናገር መጠበቅ አለበት። ከአልጋው እስከ ደጃፍ፣ ከደጃፍ እስከ አስፋልት፣ እጁን የሚይዘው ይፈልጋል። መቶ ኩንታል ጭኖ ሲወጣና ሲወርድ ለኖረ ሰው ይህ ከባድ ነው። ታላቁም «እኔ ጋ ና» ብሎ አመጣው።

አምሳሉ ይዞት ከመጣው ዕቃ አንዱ የጌም ማጫወቻ ነበር። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የሚወደው። አንድ ፈረሰኛ ማለቂያ በሌለው ሜዳ ላይ ይጓዛል፣ በቃ። ወንዝ አለ፣ ደን አለ፣ ሰው የሌለበት የፈራረሰ ግንብ አለ፣ ሁልጊዜም ጎሕ ሊቀድ ጥቂት የቀረው ይመስላል። አምሳሉ ስክሪኑን በደንብ ባያየውም አገሩን በጆሮው ያውቀዋል። ወንዙ በግራ ስፒከር መፍሰስ ሲጀምር ፈረሱን ወደ ቀኝ ይመልሳል። ወፎቹ በቀኝ ሲበዙ ደን ደርሷል። ኮቴው ከአፈር ወደ ድንጋይ ሲለወጥ ገደል ቀርቧልና ልጓም ይይዛል። ማንም እጁን ሳይዘው፣ ብቻውን፣ የፈለገበት የሚሄድበት አገር በዓለም ላይ ይኸው ብቻ ቀርቶለት ነበር። ስክሪኑ የራሱ ድምፅ የለውም። ማዳመጫ እንዳያደርግ ደግሞ ከጆሮው በላይ ያለው ስፌት ገና አልሻረም። ስለዚህ ለእሱም የሚያስፈልጉት እነዚያው ሁለት ስፒከሮች ነበሩ።

ተራ ገቡ። ጠዋት ኮምፒውተሩ፣ ከሰዓት ጌሙ። የስፒከሮቹ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ጃክ አንድ ብቻ ነው። ታላቁ በየቀኑ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ከአንዱ ይነቅላል፣ ለሌላው ይሰካል። መጀመሪያ ላይ መልካም ሄደ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ አልደረሰም?» ይላል አምሳሉ፣ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ።

«የዚችን ሴትዮ ሠርግ ልጨርስላት።»

«ከጠዋት ጀምረህ እየዳርካት እኮ ነው። እስካሁን ወልዳ ክርስትና አስነስታለች።»

ይሳሳቃሉ። ግን ሥራ በዛ። ጠዋቱ እየረዘመ ከሰዓትን ይበላ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ። አንድ ቀን አምሳሉ መጠበቅ ሲሰለቸው ራሱ ገመዱን ሊያዛውር ጠረጴዛ ሥር ገባና እየዳበሰ ነቀለ። የነቀለው የኮምፒውተሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር። ያልተቀመጠ የሦስት ቀን ሥራ ጠፋ።

ታላቁ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። በቀስታ እንዲህ አለ፦ «አምሳሉ፣ እኔ እየሠራሁ ነው። አንተ እየተጫወትክ ነው።»

«ልክ ነህ ጋሼ» አለ ታናሹ። «የኔ ይቅር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጃኩ ከኮምፒውተሩ አልተነቀለም። አምሳሉ ያለ ድምፅ ለመጫወት ሞከረ። ፈረሱ ጉም ውስጥ ይሄዳል፣ ወንዙ የት እንዳለ አያውቅም፣ ድንጋዩ ከአፈሩ አይለይለትም፣ ገደል ይገባል።

«ሞተ?» ይላል ታላቁ ከሥራው ሳይዞር።

«ሞተ።»

«ስንተኛው ነው?»

«ዘጠነኛው። ተስካራቸውን አንድ ላይ አወጣለሁ።»

ታላቁ ሳቀ። አምሳሉ አልሳቀም። በሳምንቱ ጆይስቲኩን ጠቅልሎ አስቀመጠና ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ መቀመጥ ጀመረ። አያማርርም፣ አይጠይቅም፣ ሰዓት ደረሰ አይልም። ቤቱ ጸጥ አለ። ታላቁም ያቺን ጸጥታ ወደዳት። «እንዴት ያለ ሰላም ነው» አለ በልቡ፣ «ለካ የሚያስፈልገን ትንሽ መታገሥ ብቻ ነበር።» አየሽ፣ በዚያን ጊዜ አንድ የማይገባው ነገር ነበረ። ሥራው ይበላሽበት ጀመር። ድምፆቹን ሲያጠራቸው ይሳሱበታል፣ ሲያወፍራቸው ይሻክሩበታል። ጆሮው ግማሹ ወደ መስኮቱ እንደዞረ አላወቀም።

ረቡዕ ጠዋት አምሳሉ ልብሱን ሲያጣጥፍ አየው።

«ምንድነው?»

«አክስቴ ጋ ልሂድ። ቅዳሜ የሚወርድ መኪና አለ፣ የማውቀው ልጅ ነው የሚነዳው።»

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«እቀመጣለሁ» አለ አምሳሉ። «እዚህም እሱን ነው የምሠራው።»

ታላቁ የአክስቱን ግቢ ያውቀዋል። ደግ ናት፣ ሲበዛ ደግ ናት። ጠዋት እጁን ይዛ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ቀትር ላይ እጁን ይዛ ጥላ ውስጥ ታስገባዋለች። በዚያው ይቀራል። ይህን ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገውም። ወንድሙ ከዚያ ቤት ከገባ በኋላ ወዴትም ብቻውን መሄድ እንደማይመኝ ከልብሱ አስተጣጠፍ ታየው።

በማግሥቱ ገበያ ሄዶ መንታ ገመድ ገዛ። አንድ ግንድና ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ገመድ ነው። ግንዱን ለስፒከሮቹ ሰጠ፣ አንዱን ቅርንጫፍ ለኮምፒውተሩ፣ ሌላውን ለጌሙ። ጌሙን አብርቶ ፈረሱን ሜዳ ላይ አቆመው፤ ድምፁን ዘጋውና ምንም እንዳያወጣ አደረገው። ከዚያ ካሴት ከፈተ። ከስፒከሮቹ የወጣው ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ የሚጣራ ሰው ድምፅ ነበር። የጌሙን ቅርንጫፍ ነቀለው፤ ድምፁ ሞልቶ መጣ። መልሶ ሰካው፤ ድምፁ ሰጠመ። ጌሙ ትንፍሽ አላለም። ግን እየበላው ነው።

ገመዱን በኪሱ ይዞ ገበያው ጫፍ ላይ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ሄደ። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና በአፍንጫቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ ይኼ የተሠራው አንድን ድምፅ ለሁለት ጆሮ ለማካፈል ነው። አንተ ገልብጠህ ሁለት ድምፅ በአንድ ጉሮሮ ልታወጣበት ፈለግህ።»

«አባባ፣ አንደኛው ዝም ብሎ ነበር እኮ።»

«ዝም ማለትና አለመኖር አንድ መሰሉህ? ከገመዱ ጋር ተያይዞ ዝም ያለ ነገር ክፍት በር ነው። የሌላው ድምፅ ወደ ስፒከሩ መሄዱን ትቶ ወደ እሱ ይፈሳል። ቁልቁለት ነዋ፣ ይቀለዋል። እንደተሰካ ዝም ከሚል ቢጮህ ይሻልሃል፤ ጩኸት ቢያንስ ይሰማል።»

ከመሳቢያቸው አራት ሬዚስተሮች አወጡ። ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም አይበልጡም፣ ባለ ቀለም ቀለበት ቀለበት ናቸው። «በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሁለት ሁለት፣ አንድ ለግራ አንድ ለቀኝ» አሉ። «ድምፁ በዚች ሲያልፍ ትንሽ ጉልበቱን ይተዋል። ግን ያኛው ድምፅ ወደ እሱ ሊፈስ ሲመጣ በሩ ላይ ታቆመዋለች።»

«ድምፁ ይቀንሳል ማለት ነዋ?»

«ግማሽ ያህል። ስፒከርህ ቮልዩም የለውም እንዴ?»

አሁን ልብ በዪ። ሰውየው ዓርብ ጠዋት መቀሱንና መበየጃውን አውጥቶ ተቀመጠ፣ የጌሙን ቅርንጫፍ ቆረጠ፣ ሁለቱን ቅንጣት በሊድ በየዳቸው። ከዚያ የራሱን ቅርንጫፍ አየው። እዚያ ላይ ያሉት ድምፆች ድሮም የደከሙ ናቸው። ለአንዲት አሮጊት ነገ ጠዋት የሚያስረክበው የልጃቸው ድምፅ አለ፣ ሦስት ወር የለፋበት። እሱን ግማሽ ማድረግ አልሆነለትም። ጨዋታው ትንሽ ቢደክም ምን ይሆናል፣ አለ በልቡ፤ ጨዋታ ነው። የራሱን ሳይቆርጥ ተወው። የቀሩትን ሁለት ቅንጣቶች ወረቀት ላይ አስቀመጣቸው።

አበራው። የካሴቱ ድምፅ ሙሉ ሆኖ፣ ጠርቶ፣ ክፍሉን ሞልቶ መጣ። ደስ አለው። ሻንጣውን በሩ ሥር ያስቀመጠውን ወንድሙን ጠርቶ ጆይስቲኩን እጁ ላይ አደረገለት።

አምሳሉ ፈረሱን አስነሣ። አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። እንደገና ወደ ግራ።

«ጋሼ፣ ፈረሴ የት ነው ያለው?»

«ወንዙ ዳር።»

«የምን ወንዝ?»

ታላቁ ስክሪኑን አየ። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። የፈረሱ የፊት እግር ውሃ ነክቷል። ከስፒከሮቹ አንዲት ጠብታ አልተሰማችም። የወንድሙ ድምፅ ያችን ትንሽ በር በትሕትና አልፎ ይመጣና፣ ከወዲህ በኩል በር የሌለው የታላቁ ቅርንጫፍ ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ድሮ ጃኩን ሲነቅልበት ቢያንስ መነቀሉን አምሳሉ ያውቅ ነበር። አሁን ተሰክቶም የለም።

ታላቁ ከስክሪኑ ዞረ። ኮምፒውተሩን አጠፋ። የራሱን ቅርንጫፍ ከሥሩ ስቦ አወጣና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። መቀሱን አነሣ። የሰው አደራ ናቸው እነዚያ ድምፆች፤ በገዛ እጄ ላዳክማቸው ነው ብሎ አሰበ። ቆረጠው። ሁለቱን ቅንጣቶች አንድ በአንድ በየዳቸው፣ ጨርቅ ጠቀለለባቸው፣ ሰካው፣ ኮምፒውተሩን መልሶ አብርቶ ካሴቱን ከፈተ።

መጀመሪያ ሁለቱም እንደ ሹክሹክታ ሆነው መጡ። ከዚያ የስፒከሩን ቮልዩም በቀስታ ወደ ላይ አዞረ። ከሩቅ፣ በግራ በኩል፣ ወንዝ መጣ። በመካከሉ ደግሞ የሰው ድምፅ። አንዱ አንዱን አልነካውም፤ በአንድ መንገድ ዳርና ዳር እንደሚሄዱ ሁለት መንገደኞች ሆኑ።

አሮጊቷ የመጡት በዚህ መካከል ነበር፤ ነገን መጠበቅ አልቻሉም። ወንበር ሰጣቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ልጃቸው ከበረሃ አገር ሆኖ ነበር የሚናገረው። ሙቀቱን ያወራል፣ ውሃ በበርሜል እንደሚመጣላቸው፣ ያም ውሃ ሁለት ቀን እንደሚዘገይ። ከቃሉ ግራ ግራውን ደግሞ ያ ወንዝ ይፈሳል፣ ወፍ ይንጫጫል፣ ፈረስ በእርጥብ ሣር ላይ ቀስ ብሎ ይራመዳል።

ታላቁ ደነገጠ። «ይቅርታ እማማ፣ ውሃው የካሴቱ አይደለም። የወንድሜ ጌም ነው፣ አሁን አስቆመዋለሁ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን አነሡ። «ተወው» አሉ። «ጠጥቶ ይሂድ።»

አምሳሉ ፈረሱን ወንዙ ዳር አቆመው። ካሴቱ እስኪያልቅ ሦስቱም እንደዚያው ቆዩ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ወጥቶ፣ ጣሪያ ነክቶ፣ ጠፋ።

ቅዳሜ መኪናው መጥቶ ከውጭ ጥሩምባ ነፋ። አንዴ፣ ደገመ። ታላቁ ወደ ሻንጣው አየ፣ ወደ ወንድሙ አየ። አምሳሉ አንገቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ደን ውስጥ ወፍ እየሰማ ነበር።

«ጋሼ» አለ ሳይዞር፣ «ፈረስ ላይ ነው በለው።»

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ። አንቺ ዝም ብለሻል፣ ግን ከቤትሽ አልወጣሽም። እንደተሰካሽ ነው ያለሽው። ባልሽ ሲናገር ድምፁ የሚሄድበት አጥቶ ወደ ዝምታሽ ይፈሳል፤ ይሳሳል፣ ይሻክራል፣ እሱም ለምን እንደሆነ አይገባውም። «ምን ሆነሻል?» ሲልሽ «ምንም» ትዪዋለሽ። እሱ ቤቱ ሰላም ሆነ ብሎ ያስባል። አንቺም ለሰላሙ የከፈልሽ ይመስልሻል። ሁለታችሁም አልተሰማችሁም። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ «የለም» ነው፤ ከሁለት አንዱ ዝም ማለት የለበትም። ሁለቱም ከየራሳቸው ትንሽ መተው አለባቸው፣ ያውም በየራሳቸው በኩል።

ይህን ስልሽ «እንግዲያው እሱ ይለዝብ» ብለሽ እንዳትነሺ። መጀመሪያ ሁላችንም የምንቆርጠው የሌላውን ገመድ ነው። በዚያ ጊዜ የራሳችን ድምፅ ስለሚያምርልን ነገሩ የተቃና ይመስለናል። እሱም በበኩሉ ያንቺን ብቻ ሲቆርጥ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ይህንኑ ንገሪው፤ ዝም ብለሽ ግን እንዲያውቀው አትጠብቂ። ሰውየው ዓይኑ እያየ እንኳ «የምን ወንዝ?» እስኪባል ድረስ አላወቀም። ነግረሽው የራሱን አልቆርጥም ካለ ደግሞ፣ አለመሰማትሽ ያንቺ ጥፋት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ቁርጡን ታውቂያለሽ። አሁን ግን አታውቂም፤ ገና አልተናገርሽማ።

እና ዛሬ ቤት ስትገቢ አንዲት ነገር ንገሪው። አምስት ወር የታመቀውን ሁሉ አይደለም፤ አንዲት ነገር፣ በግማሽ ድምፅ። ከዚያ እስኪመልስልሽ ጠብቂ። መጠበቅ ዝም ማለት አይደለም።